ከጣና ዳር እስከ ለንደን፦ የዓለም አቀፍ ሯጭ ገቢና ወጪ

በግል ስፖርት የዓለም አቀፍ ውድድር የሚተዳደር ሰው ከኢኮኖሚ አንጻር ሲታይ የአንድ ሰው ድርጅት ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች ከክለብ ጋር ውል ይፈርማል፤ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ወር ሲሞላ ደመወዙ ይገባለታል። የባድሚንተን፣ የቴኒስና የጎዳና ሩጫ ተወዳዳሪ ግን ከአገር አገር እየተዘዋወረ ውጤቱን የሚሸጥ ነው። ማምረቻው የራሱ አካል ነው። ገበያው ከሀገሩ ውጭ ነው፤ ዋጋውም የሚተመነው በዶላርና በዩሮ ነው።

በአማራ ክልል ይህ ሥራ በዋናነት የሚታወቀው በሩጫ ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ገጠር የሚነሱ ወጣቶች በለንደን፣ በቫሌንሺያ፣ በሃምቡርግና በአምስተርዳም ጎዳናዎች ይወዳደራሉ። ስለ ሙያው ሲወራ ቶሎ የሚነሳው አሸናፊው የሚወስደው ሽልማት ነው። ዋናው የኢኮኖሚ ጥያቄ ግን ከሽልማቱ በፊት ያሉትን ዓመታት ይመለከታል፦ ገቢ በሌለበት ጊዜ የሯጩን ቀለብ፣ የቤት ኪራይ፣ ጫማና ትራንስፖርት የሚሸፍነው ማን ነው? ማን ሻምፒዮን እንደሚሆን፣ የሚገኘው ገንዘብም በየትኛው ከተማ እንደሚያርፍ በአብዛኛው የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ገበያዎች፣ ሁለት መግቢያዎች

ኢትዮጵያ በሩጫ ዓለምን ከሚመሩ አገሮች አንዷ ስትሆን እንደ ባድሚንተን ባሉ የግል ስፖርቶች ስሟ የማይነሳበትን ምክንያት ለመረዳት የሁለቱን ስፖርቶች የገበያ አሠራር ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ባድሚንተን በዓለም ላይ ሰፊ ተከታይ ያለው ስፖርት ነው። ኦል ኢንግላንድ የተባለው ውድድር የተጀመረው በ1899 ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1934 ተመሠረተ፤ ስፖርቱ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ውድድር የሆነው ደግሞ በ1992 በባርሴሎና ነው። መቀመጫው ኳላ ላምፑር የሆነው የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን በ2018 ውድድሮቹን በደረጃ ከፋፍሎ ‹‹ወርልድ ቱር›› በሚል ስም አደራጀ። በዚያ ዓመት ‹‹ሱፐር 1000›› ተብሎ ለተመደበ ውድድር የተቀመጠው ዝቅተኛ የሽልማት ድምር 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ለ‹‹ሱፐር 100›› ደግሞ 75 ሺህ ዶላር ነበር። ድምሩ ለአምስት የውድድር ዘርፎች ይከፋፈላል፦ ለወንዶች ነጠላ፣ ለሴቶች ነጠላ፣ ለወንዶች ጥንድ፣ ለሴቶች ጥንድና ለድብልቅ ጥንድ። በዚህ ስሌት በ2018 የኦል ኢንግላንድ የነጠላ አሸናፊ 70 ሺህ ዶላር ሲያገኝ፣ በ75 ሺህ ዶላሩ ውድድር ያሸነፈ 5,625 ዶላር ብቻ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ በታች ባሉት ውድድሮች ለአሸናፊው የሚደርሰው ገንዘብ የአውሮፕላን ትኬትና የሆቴል ወጪን ለመሸፈን የሚበቃው ከስንት አንዴ ነው።

ወደ ትልቁ ውድድር የሚያስገባው የዓለም ደረጃ ነው። ደረጃው የሚሰላው ተጫዋቹ በ52 ሳምንታት ውስጥ ካስመዘገባቸው ውጤቶች የተሻሉት አሥሩ ተደምረው ነው። ስለዚህ ጀማሪው ነጥብ ለማጠራቀም በዓመት ቢያንስ አሥር ጊዜ ያህል በራሱ፣ በቤተሰቡ ወይም በፌዴሬሽኑ ወጪ ወደ ውጭ መብረር አለበት። ኢንዶኔዥያ፣ ቻይና፣ ማሌዥያና ዴንማርክ ይህን ወጪ የሚሸከሙ ብሔራዊ ማዕከላት፣ ክለቦችና የራኬት አምራቾች አሏቸው። ያ ድጋፍ በሌለበት አገር ተሰጥኦ ያለው ልጅ ገና ከመነሻው ይቀራል።

ስፖርቱ ራሱም ቤት ይፈልጋል። ደረጃውን የጠበቀ የባድሚንተን ኳስ ከ16 የወፍ ላባዎች የሚሠራ ሲሆን ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና ላይ የሚነሳው ነፋስ እንዲህ ያለ ቀላል ነገርን ከአቅጣጫው ስለሚያስወጣው፣ በባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ በሜዳ ላይ ሊለማመድ የሚሞክር ተጫዋች ትክክለኛ ምት ሊማር አይችልም። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማያስገባ አዳራሽ ያስፈልጋል። ኳሱ ደግሞ በጠንካራ ልምምድ ወቅት ላባው እየተሰበረ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፤ ምትኩም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በ2010ሮቹ በአዲስ አበባ ‹‹ኢትዮጵያ ኢንተርናሽናል›› የተባለ የባድሚንተን ውድድር ቢካሄድም፣ አንድ ውድድር ማዘጋጀት ብቻውን ተጫዋች አያፈራም።

የጎዳና ሩጫ ገበያ በር የሚከፈተው በሌላ መንገድ ነው። የማራቶን አዘጋጆች ጥሩ ሰዓት ያላቸውን አትሌቶች ራሳቸው ይጋብዛሉ፤ ለተጋባዡ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴልና ምግብ ይሸፍናሉ፤ ስም ላለው አትሌት ደግሞ ገና ሳይሮጥ የተሳትፎ ክፍያ ይከፍላሉ። ጀማሪው ነጥብ ለመልቀም ዓለምን መዞር አይጠበቅበትም፤ በታወቀ ውድድር አንድ ጥሩ ሰዓት ካስመዘገበ በቀጣዩ ወቅት ግብዣ ይደርሰዋል። ልምምዱም አዳራሽ አይፈልግም። የገበሬ ልጅ በሩጫ ሀብታም የመሆን ዕድል ያገኘው፣ በራኬት ስፖርት ግን ያላገኘው በዋናነት በዚህ የመግቢያ ወጪ ልዩነት ነው። የሩጫው መግቢያ ርካሽ ነው ማለት ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም።

የከፍታ ሀብት

የረጅም ርቀት ሩጫ ዋና የተፈጥሮ ካፒታል ከፍታ ነው። አየሩ ስስ በሆነበት ቦታ ያደገና የሚለማመድ ሰው ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይጨምራል። ባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ ጋር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃታማ ከተማ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ በርካታ ሻምፒዮኖችን ያፈራችው የአርሲዋ በቆጂ ደግሞ እስከ 2,800 ሜትር ትደርሳለች። በዚህ ምክንያት ባሕር ዳር ብቻዋን የማራቶን ሯጭ ማሠልጠኛ ከተማ ሆና አልታወቀችም።

በዙሪያዋ ያለው መሬት ግን ሌላ ታሪክ አለው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኘው ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከአጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በስተደቡብ የጎጃም የጮቄ ተራራም እንዲሁ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ እንጅባራና ደብረ ማርቆስም ደጋ ናቸው። የጉና፣ የወሎው ተንታና የደብረ ብርሃን አትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከላት የተቋቋሙትም በክልሉ ደጋማ ቦታዎች ነው።

ለአሠልጣኝ ይህ አቀማመጥ ዋጋ አለው። አትሌት ከፍ ባለ ቦታ ኖሮ ለፈጣን ልምምድ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ ሲችል ሁለቱንም ጥቅም ያገኛል፤ ዝቅ ባለ ቦታ እግሩ በውድድር ፍጥነት መሮጥ ይችላልና። ደብረ ታቦር ኖሮ ለፍጥነት ልምምድ ባሕር ዳር መውረድ የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። አየር ማረፊያ፣ ሆስፒታል፣ ሆቴልና የስፖርት አካዳሚ ያለው ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ መገኘታቸውም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን አገልግሎት አንድ ላይ ያመጣል።

ገቢ የሌለባቸው ዓመታት

አንድ ሯጭ ከትምህርት ቤት ውድድር ተነስቶ ከውጭ አገር የመጀመሪያ ገንዘቡን እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። በእነዚህ ዓመታት በቀን ሁለት ጊዜ ይለማመዳል፤ ስለዚህ መደበኛ ሥራ መሥራት አይችልም። ከተራ ሰው የበለጠ ምግብና እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የመሮጫ ጫማ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግለውም። ለቤተሰቡ ደግሞ ሁለት ጊዜ ወጪ ነው፦ ቀለቡ አለ፣ በእርሻው ላይ የጎደለው ጉልበትም አለ።

ኢትዮጵያ ይህን ክፍተት የሞላችው በክለብ ደመወዝ ነው። አሠራሩ ከጥንት የመጣ ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፉ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ነበሩ፤ ቀለባቸውና ደመወዛቸው ከሠራዊቱ ይመጣ ነበር። በዚያ ዘመን የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ለሯጭ ሽልማት መክፈልን ስለሚከለክል፣ የወታደር ደመወዝ የዝግጅት ዘመን ገቢ ብቻ ሳይሆን የሙሉ የሩጫ ዘመን ገቢም ነበር። ሕጉ መላላት የጀመረው በ1980ዎቹ ሲሆን፣ በዓለም ሻምፒዮና የገንዘብ ሽልማት መሰጠት የተጀመረው በ1997 ነው። ኮሎኔል ደራርቱ ቱሉ ከማረሚያ ክለብ፣ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ከፖሊሱ ኦሜድላ ክለብ ጋር የተሳሰረ ታሪክ አላቸው።

ዛሬም አሠራሩ አልተለወጠም። መቻል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ፌደራል ማረሚያና የመሳሰሉት ክለቦች አትሌት ቀጥረው ደመወዝ ይከፍላሉ። በአማራ ክልል በኩል አማራ ፖሊስና አማራ ማረሚያ በሀገር አቀፍ ሻምፒዮናዎች የሚሳተፉ ክለቦች ናቸው። ክለቡ የሚከፍለው ደመወዝ በውጭ አገር ከሚገኘው ሽልማት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። በሌላ ዘርፍ ቢሆን ኖሮ ይህ ገንዘብ ለጀማሪ ድርጅት የሚሰጥ የመነሻ ካፒታል ይባል ነበር። ልዩነቱ ክለቡ አትሌቱ ሲበለጽግ ከገቢው ያን ያህል ድርሻ አለመውሰዱ ነው። ወጪው የሕዝብ ተቋም ሆኖ ትርፉ የግል ስለሚሆን፣ በጀት ሲጠብብ ክለቡ መጀመሪያ ከሚነኩት ነገሮች አንዱ ይሆናል።

በጣና ዙሪያ የሚያድግ ሯጭ ደረጃው ከፍ ሲል ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ፣ የማናጀሮች ወኪሎች፣ የታወቁ አሠልጣኞች፣ ኤምባሲዎችና የቪዛ ጽሕፈት ቤቶች ያሉት እዚያ ነው። ሱሉልታ፣ እንጦጦና ሰንዳፋ ለልምምድ ይመረጣሉ። ከባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በኪራይ ቤት መኖር ሲጀምር የክለብ ደመወዙ ቶሎ ያልቃል፤ ጓደኛሞች ሆነው አንድ ክፍል መከራየታቸውና በአንድ ድስት ማብሰላቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙዎች ሙያውን የሚተዉት በዚህ ደረጃ ነው፤ ሰዓታቸው ጥሩ እንደሆነ፣ ቤተሰብ መርዳት ግን እንዳልቻሉ።

ወደ ገበያው መግባት

ከሀገር ውስጥ ወደ ውጭ የሚያሻግረው ሰው ማናጀሩ ነው። ማናጀር የስፖርቱ ዓለም አቀፍ አስተዳዳሪ በሆነው በዓለም አትሌቲክስ ፈቃድ የተሰጠው ወኪል ሲሆን፣ ከአዘጋጆች ጋር ይደራደራል፣ ግብዣ ያመጣል፣ የቪዛ ሰነድ ያሟላል፣ ከጫማ ኩባንያ ጋር ውል ያዋውላል። በምላሹ የሚወስደው ድርሻ በተለምዶ ከገቢው 15 በመቶ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ብዙ ጊዜ ወደ ትልቁ ውድድር አይደለም። በቻይና፣ በቱርክ፣ በሜክሲኮ ወይም በአንዲት የአውሮፓ ከተማ የሚካሄድ መካከለኛ ውድድር ይሆናል። ሌላው መግቢያ አሯሯጭ መሆን ነው። አሯሯጩ በተስማማበት ፍጥነት እስከ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ይመራና ይወጣል። ክፍያው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ከዚያም በላይ ትልቅ ውድድርን ከውስጥ ያያል፣ አዘጋጆች ያውቁታል። በዚህ ደረጃ የሚገኝ ገቢ ሀብታም አያደርግም፤ ሯጩን ከቤተሰብ ጥገኝነት ግን ያወጣዋል።

የአንዲት አትሌት መሰላል

በአማራ ክልል የተወለደችው አትሌት ያለምዘርፍ የኋላው በጎዳና ሩጫ ያደረገችው ጉዞ ሙያው እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ በግልጽ ያሳያል። ጥቅምት 17 ቀን 2020 በፖላንዷ ግዲኒያ በተካሄደው የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና 1:05:19 በሆነ ሰዓት የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች፤ የኢትዮጵያ ሴቶችም በቡድን ወርቅ ወሰዱ። ብዙም ሳይቆይ በኅዳር ወር መጨረሻ የዴልሂ ግማሽ ማራቶንን በ1:04:46 አሸነፈች። በሚያዝያ 2021 በኢስታንቡል 1:04:40 ገብታ ሁለተኛ ሆነች።

በነሐሴ 2021 በሰሜን አየርላንድ ላርን 1:03:44 ሮጣ አሸነፈች። ሰዓቱ ከዓለም ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ዳግመኛ ሲለካ 54 ሜትር አጥሮ ተገኘና ክብረ ወሰኑ ሳይጸድቅ ቀረ። አትሌቷ ያጠፋችው ነገር አልነበረም፤ ሆኖም የሩጫ ገቢ አትሌቱ ሊቆጣጠራቸው በማይችላቸው ነገሮች ላይ ምን ያህል እንደሚንጠለጠል ይህ አንድ ክስተት ያሳያል።

በጥቅምት 2021 በቫሌንሺያ ግማሽ ማራቶንን በ1:03:51 ጨረሰች፤ በየካቲት 2022 በስፔኗ ካስቴዮን ደግሞ 10 ኪሎ ሜትርን በ29:14 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ሚያዝያ 24 ቀን 2022 በሃምቡርግ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2:17:23 አሸነፈች። ጥቅምት 2 ቀን 2022 ደግሞ ለንደን ላይ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርሱ ወድቃ ተነስታ በ2:17:26 አሸነፈች፤ በ23 ዓመቷም የዚያ የሴቶች ውድድር በዕድሜ ትንሿ አሸናፊ ሆነች። በ2024 አምስተርዳምን በ2:16:52 አሸንፋ የቦታውን ክብረ ወሰን ያዘች። ከግዲኒያ እስከ ለንደን ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከሃምቡርግ እስከ ለንደን ደግሞ ስድስት ወር እንኳ አይሞላም። ይህ ፍጥነት ብርቅ ነው፤ ከእሷ በታች ያሉት ብዙዎች መካከለኛው ደረጃ ላይ ይቀራሉ።

ሽልማቱ ሲዘረዘር

የአንድ ታዋቂ ማራቶን ሯጭ ገቢ አራት ምንጮች አሉት። አንደኛው በደረጃ የሚሰጥ ሽልማት ነው። ሁለተኛው ለተሻለ ሰዓትና ለክብረ ወሰን የሚሰጥ ቦነስ ነው። ሦስተኛው የተሳትፎ ክፍያ፣ አራተኛው የጫማ ኩባንያ ውል ነው። የመጀመሪያው በይፋ ይነገራል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ግን በሚስጥር የሚያዙ ናቸው። ለትልልቅ ስሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍተኛው ገንዘብ የሚገኘው ከእነዚህ ሁለቱ ነው።

የለንደን ማራቶን ለአንደኛ ደረጃ የሚሰጠው ሽልማት 55 ሺህ ዶላር ነው። የሰዓት ቦነሱን ትተን ይህን ብቻ ብናሰላ፣ ብሪታንያ ከውጭ ስፖርተኛ ገቢ ላይ 20 በመቶ አስቀድማ ስለምትቀንስ 11 ሺህ ዶላር ይወጣል። የማናጀሩ 15 በመቶ 8,250 ዶላር ነው። አትሌቱ ለአሠልጣኙ 10 በመቶ ይከፍላል ብለን ብንወስድ 5,500 ዶላር ይጨመራል። ከሁሉም በኋላ የሚቀረው 30,250 ዶላር ነው፤ ከተነገረው ገንዘብ ግማሹን በትንሹ የሚበልጥ ማለት ነው። ከዚህ ላይ የልምምድ አጋሮች፣ የማሳጅና የሕክምና፣ የመኪናና የነዳጅ ወጪ ይነሳል። በአሜሪካ የሚሮጥ ሰው ደግሞ 30 በመቶ የፌደራል ግብር አስቀድሞ ይቆረጥበታል።

የማራቶን ሯጭ በዓመት የሚሮጠው በተለምዶ ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የዓመቱ ገቢ በሁለት ቀናት ውጤት ላይ ይወድቃል። የሽልማቱ አከፋፈልም ወደ ላይኛው ጫፍ ያጋደለ ነው። ሲሳይ ለማ በ2024 ያሸነፈው የቦስተን ማራቶን ለአንደኛ 150 ሺህ፣ ለሁለተኛ 75 ሺህ፣ ለሦስተኛ 40 ሺህ ዶላር ይሰጣል። ዱባይ በ2008 ለኃይሌ ገብረ ሥላሴ 250 ሺህ ዶላር ከፍሎ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግን ሽልማቱ ተቀንሷል። በትራክ ላይ ደግሞ እስከ 2024 በነበረው አሠራር አንድ የዳይመንድ ሊግ ውድድር ያሸነፈ 10 ሺህ፣ ፍጻሜውን ያሸነፈ 30 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር። የ2023 የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ 70 ሺህ ዶላር አስገኝቷል። ኦሎምፒክ ለረጅም ዘመን ሽልማት አልነበረውም፤ የዓለም አትሌቲክስ በ2024 በፓሪስ ለእያንዳንዱ የወርቅ ባለቤት 50 ሺህ ዶላር መክፈል ጀመረ። ከኢትዮጵያ ያን ክፍያ ያስገኘው ብቸኛው ወርቅ የታምራት ቶላ የማራቶን ድል ነው።

የጫማ ኩባንያ ውል ከሁሉም የተረጋጋው ገቢ ነው፤ በዓመት የተወሰነ መሠረታዊ ክፍያ ይሰጣል። ሆኖም አትሌቱ በዓመት መሮጥ ያለበት የውድድር ብዛት ይጻፍበታል፤ ከተጎዳ ወይም ደረጃው ከወረደ ክፍያውን የሚቀንስ አንቀጽም ሊኖረው ይችላል። የውጭ ቋንቋ ለማያነብ ወጣት ይህን ውል ከመፈረሙ በፊት በራሱ ጠበቃ ማስነበብ ከማንኛውም ልምምድ ያላነሰ ጥቅም አለው።

የምንዛሪ ለውጥ

ገቢው በዶላር፣ ኑሮው በብር የሆነ ሰው ከማንም በላይ የምንዛሪ ለውጥ ይነካዋል። ኢትዮጵያ ሐምሌ 29 ቀን 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጓ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ የተሰላው 30,250 ዶላር በ57 ብር 1,724,250 ብር፣ በ100 ብር ደግሞ 3,025,000 ብር ነው። ሩጫው ያው ነው፤ በብር የተቆጠረው ገቢ ግን በአንድ ጊዜ ከ75 በመቶ በላይ አደገ።

የለውጡ ሌላኛው ገጽታ ግን ጀማሪውን ይጎዳል። የክለብ ደመወዝ በብር ነው፤ ጫማው፣ ሰዓቱና መድኃኒቱ በዶላር የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ የምንዛሪ ለውጡ በሙያው ውስጥ ያለውን ልዩነት አስፍቶታል፦ ወደ ውጭ ገበያ የገባው ተጠቅሟል፣ ለመግባት የሚዘጋጀው ግን ወጪው ጨምሮበታል።

የሥራው አደጋዎች

ጉዳት የመጀመሪያው አደጋ ነው። የአንድ ጅማት ሕመም የዓመቱን ሁለት ውድድሮች ሊወስድ ይችላል፤ ገቢን የሚተካ መድን ያለው ሯጭ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ከሯጩ አቅም ውጭ የሆነ መስተጓጎል ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ብዙ ትልልቅ ማራቶኖችን ሲያሰርዝ ገቢያቸው በሁለት ቀን ላይ የተንጠለጠለ አትሌቶች አንድ ሙሉ ዓመት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሦስተኛው አበረታች መድኃኒት ነው። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ2016 ኢትዮጵያን ጥብቅ ክትትል ከሚሹ አገሮች ተርታ አስቀምጧታል። የታገደ አትሌት ዓመታቱን ብቻ ሳይሆን የተሰረዘ ውጤት ያስገኘውን ሽልማትም ሊያጣ ይችላል። በአጠገቡ ላለው ንጹሕ ሯጭም ጉዳት አለው፤ አዘጋጆች የአንድን አገር ሯጮች በጥርጣሬ ሲያዩ ግብዣው ይቀንሳል።

አራተኛው የሰላም ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት መንገድን፣ ትምህርትንና ውድድሮችን አስተጓጉሏል። በየማለዳው በገጠር መንገድ ላይ ብቻዋን ለምትሮጥ ልጅ የመንገድ ሰላም የሥራዋ የመጀመሪያ ግብዓት ነው። በጣና ዙሪያ የሚጠፋው የልምምድ ዓመት ወጪው በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ላይ አይታይም፤ ከአምስትና ከስምንት ዓመት በኋላ በውድድር ሜዳ ላይ ግን መታየቱ አይቀርም።

ከሩጫ በኋላ

የረጅም ርቀት ሯጭ ከፍተኛ ገቢ የሚያገኝበት ጊዜ በአብዛኛው ከአሥር ዓመት አይበልጥም። አንዳንዶች ያራዝሙታል። ደራርቱ ቱሉ ወልደው ከተመለሱ በኋላ በ2000 በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኙ፤ በ2009 በ37 ዓመታቸው የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፉ። ይህ ግን ደንብ አይደለም። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት የተገኘው ገንዘብ ቀሪውን የዕድሜ ዘመን መሸከም አለበት።

የኢትዮጵያ አትሌቶች የመረጡት መንገድ በዋናነት ሕንፃ፣ ሆቴልና መሬት ነው። ሻለቃ ኃይሌ በ2010 በሐዋሳ ከጀመሩት ሪዞርት ተነስተው በጎንደር ጭምር ሆቴል ያላቸው ባለሀብት ሆነዋል። ሆቴል የሩጫን ገንዘብ ወደ ቋሚ የሥራ ዕድል ይለውጣል። አደጋው ግን ከሩጫው አደጋ ጋር ይመሳሰላል፦ በ2020 በሻሸመኔና በባቱ የነበሩት የኃይሌ ሆቴሎች በሁከት ወድመዋል። ቱሪስት በሚቀርበት ዘመን አትሌቱ የሚሮጥበት መንገድም የሠራው ሆቴልም በአንድ ምክንያት ይዳከማሉ። ከገቢው የተወሰነውን በባንክ ቁጠባ፣ በአክሲዮንና በትምህርት ላይ ማዋል ይህን ስጋት ይቀንሳል።

ለባሕር ዳር የሚቀረው ድርሻ

የሩጫ ገቢ ለሀገር የአገልግሎት ኤክስፖርት ነው፤ ጥሬ ዕቃ ሳይገባ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ሆኖም አትሌቱ በተወለደበት አካባቢ የሚቀረው ገንዘብ ትንሽ ነው። ያለምክንያት አይደለም፦ ልጁ ወይም ልጅቷ ውጤት ማምጣት ሲጀምሩ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄዱ ኪራዩ፣ ሕንፃውና ሆቴሉ እዚያ ይሠራል። በጣና ዙሪያ የሚቀረው ለወላጅ የሚላከው ገንዘብና አንዳንድ ግንባታ ነው።

ይህን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ወጪ ከሌላ ዘርፍ ጋር ሲወዳደር ዝቅተኛ ነው። አንደኛ፣ የክልሉ ክለቦች በጀት ከዓመት ዓመት የማይዋዥቅ መሆን አለበት፤ አንድ ሯጭ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጊዜ ከአንድ የበጀት ዓመት ይረዝማልና። ሁለተኛ፣ ክለቡ ካሳደገው አትሌት የወደፊት ሽልማት ላይ ትንሽ፣ በግልጽ ውል የተወሰነና ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚቆይ ድርሻ ቢያገኝ፣ ገንዘቡ ተመልሶ የቀጣዩን ልጅ ቀለብ ሊሸፍን ይችላል። ሦስተኛ፣ የጉናን የመሰሉ ደጋማ ማዕከላትን ከባሕር ዳር የሕክምና፣ የስፖርት ሳይንስና የሆቴል አገልግሎት ጋር ማስተሳሰር አትሌቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድበትን ምክንያት ይቀንሳል፤ ከውጭ ለከፍታ ልምምድ የሚመጡ ቡድኖችንም ሊስብ ይችላል። ኬንያ በኢተን ከተማ ከዚህ ዓይነት እንግዳ ገቢ ማግኘት ችላለች።

የስታዲየም ጉዳይም የዚሁ አካል ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2021 ያልተጠናቀቀው የባሕር ዳር ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም ብሎ ብሔራዊ ቡድኑ በሀገሩ እንዳይጫወት ሲያግድ፣ ከተማዋ ከእንግዶች የምታገኘው ገቢም አብሮ ቀረ። የተጀመረ መሠረተ ልማትን ሳይጨርሱ መተው በስፖርት ኢኮኖሚ ውስጥ ከወጪዎች ሁሉ ውዱ ነው።

በመጨረሻም ከሩጫ ውጭ ላሉት ስፖርቶች የሚሠራው ስሌት ያው ነው። ባሕር ዳር ወደፊት የባድሚንተን፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ወይም የዋና ተወዳዳሪ በዓለም ገበያ ማየት ከፈለገች፣ አዳራሹን ከመሥራት ጎን ለጎን የመጀመሪያዎቹን አሥር የውጭ ጉዞዎች የሚከፍለውን አካል መወሰን አለባት። በሩጫው አዘጋጆቹ የሚከፍሉትን ትኬት በእነዚህ ስፖርቶች አንድ ሰው ወይም አንድ ተቋም ከኪሱ መክፈል ይኖርበታል። ይህ ወጪ ባለቤት ካላገኘ አዳራሹ የሚያፈራው ጎበዝ ተማሪ ከሀገር ውስጥ ውድድር አያልፍም፤ ባለቤት ካገኘ ግን ከአበበ ቢቂላ ዘመን ጀምሮ በሩጫ የተፈተነው መንገድ ለሌሎቹም ክፍት ይሆናል።